ስሙ ተሸጠ፣ ሰዎቹ ወጡ፦ የፍሪኖድ የጉዳይ ጥናት

ሜይ 19 ቀን 2021 ፍሪኖድ የተባለውን የኢንተርኔት መወያያ መረብ ሲያስተዳድሩ የኖሩት በጎ ፈቃደኞች በአንድ ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ከአሥር በላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ቆይተዋል። የመልቀቂያ ደብዳቤዎቻቸውን ለሁሉም አሳይተው በዚያው ቀን ሊቤራ ቻት የሚባል አዲስ መረብ ከፈቱ። በሳምንታት ውስጥ ትልልቆቹ የነጻ ሶፍትዌር (ማንም አይቶ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል የኮምፒውተር ፕሮግራም) ፕሮጀክቶች ተከትለዋቸው ሄዱ፤ ሃያ ዓመት የፈጀው ግንባታ ባዶውን ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኢንተርኔት መወያያ ማኅበረሰብ የሚመሩ ሰዎች ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ አባላቱ እንዴት ይብዙ፣ ማን ይዘዝ እያሉ ሲጨነቁ ጥያቄዎቹን ለየብቻቸው ያነሷቸዋል። በፍሪኖድ ታሪክ ግን ጥያቄዎቹ አንድ ቋጠሮ ሆነው ይታያሉ። እኔ እንደማየው ቋጠሮው የተቋጠረው ንብረቱ በማን ስም እንደተመዘገበ በሚናገረው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን በሰላሙ ዘመን የጠየቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንግዳ ክፍል የራሱ ቤት ሆነ

ፍሪኖድ የቆመው አይአርሲ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። ይህን የጽሑፍ መወያያ ያርኮ ኦይካሪነን በ1988 በፊንላንድ፣ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ሠራው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሰርቨሮች (አገልግሎቱን የሚሰጡ ኮምፒውተሮች) እርስ በርስ ተያይዘው አንድ መረብ ይሆናሉ፣ ተጠቃሚው በፈለገው ሶፍትዌር ከአንዱ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያም ወደ አንድ ክፍል ገብቶ ይጽፋል። ሰርቨሩ የተጻፈውን ያስተላልፋል እንጂ አያስቀምጥም። ከክፍሉ ወጥቶ የቆየ ሰው ሲመለስ በሌለበት የተባለውን የሚያሳየው ማኅደር የለም። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሮብ ሌቪን በ1990ዎቹ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ለሚጀምሩ ሰዎች እርዳታ የሚሰጥበት አንድ ክፍል ከፈተ። ክፍሉ በሌሎች መረብ ላይ የተጠጋ እንግዳ ስለነበር ከኤፍኔት ወደ አንደርኔት፣ ከዚያም ወደ ዳልኔት ተዘዋወረ፤ በኋላም የራሱ መረብ ሆነ። በ1998 ኦፕን ፕሮጀክትስ ኔትወርክ ተባለ፣ በ2002 ደግሞ ፍሪኖድ የሚለውን ስም ያዘ።

ያደገው በማስታወቂያ አይደለም። በሌሎች ዕድገት ላይ ተሳፍሮ ነው ያደገው። አንድ የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲጀመር ገንቢዎቹ የሚገናኙበት፣ ተጠቃሚዎቹም የሚጠይቁበት ቦታ ይፈልጋል። ፍሪኖድ ቦታውን በነጻ ሰጠ። ፕሮጀክቱም በመመሪያው ላይ «እርዳታ ከፈለጉ ወደዚህ ይምጡ» ብሎ አድራሻውን ጻፈ። ኡቡንቱ፣ ጀንቱ፣ ፌዶራ፣ ፓይተን፣ የዊኪፔዲያ አዘጋጆች ሁሉ በዚህ መንገድ መጡ። በ2013 አካባቢ በአንድ ጊዜ 90,000 ያህል ሰዎች የሚገኙበት፣ 40,000 ያህል ክፍሎች ያሉት መረብ ሆኖ ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የክፍሎቹ አመራር ነው። በነጠላ የ# ምልክት የሚጀምር የክፍል ስም ለፕሮጀክቱ ባለቤቶች የተጠበቀ ነበር። ስለዚያው ነገር የሚያወሩ ሌሎች ሰዎች ድርብ ## አድርገው የራሳቸውን ክፍል ይከፍታሉ። እንግዳ ሰው የክፍሉን ስም አይቶ ብቻ የፕሮጀክቱ ድምፅ የትኛው፣ የወዳጆች ወግ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። አንድ ፕሮጀክት ወኪሎቹን ካስመዘገበ በኋላ አባላቱ የግንኙነት አድራሻቸውን የሚሸፍንና የፕሮጀክቱን ስም የሚያሳይ መለያ ይሰጣቸዋል። መለያው ግለሰቡን ከጥቃት ይጠብቀዋል፤ ለሚያነጋግረውም ሰው ከየት እንደመጣ ይናገርለታል።

ከሁሉም በላይ ሌቪን የክፍል አስተባባሪዎች ሥልጣናቸውን ከስማቸው አጠገብ ለጥፈው እንዳይውሉ ይመክር ነበር። አስተባባሪው ሥልጣኑን ሲያስፈልግ ያነሳዋል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጠብ ሲነሳ በመጀመሪያ በትሕትና ያነጋግራል፣ ወሬውን ወደ ሌላ ይመራል፣ ማባረር የመጨረሻው ነው። ሥልጣኑን የሚያሳይ ሰው ሥልጣን የሚፈታተን ሰው ይጠራል የሚል እምነት ነበረው፤ ትክክል ነበር። አሁን ያሉ ብዙ መወያያዎች የአስተባባሪን ስም በደማቅ ቀለም ቀብተው ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ በየቀኑ የሚነሳውን «ማን ሾመህ?» የሚል ክርክር ሲያስተናግዱ ይውላሉ።

እንግዲህ ክፍሉ ውስጥ ያለው አመራር ይህን ያህል የታሰበበት ነበር። ከክፍሎቹ ሁሉ በላይ ያለው፣ የመረቡ ራሱ አመራር ግን እንዲህ አልታሰበበትም።

የመጀመሪያው ስንጥቅ

2021 የመጀመሪያው መለያየት አልነበረም። በ2001 መጨረሻ ገና ስሙ ፍሪኖድ ሳይባል፣ ልምድ ያላቸው አባላት ተገንጥለው ኦኤፍቲሲ የሚባል ሌላ መረብ መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ ኃላፊዎቻቸውን በድምፅ የሚመርጡበትን መንገድ አበጁ፣ ንብረትና ገንዘብ በመያዝ በኩል ደግሞ ሶፍትዌር ኢን ዘ ፐብሊክ ኢንተረስት ከተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ጋር ተዛመዱ። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት በጁን 2006 ይፋዊ አድራሻውን ከፍሪኖድ ወደ ኦኤፍቲሲ አዛወረ። ኦኤፍቲሲ በተጠቃሚ ብዛት ፍሪኖድን አክሎ አያውቅም፤ ከእንዲህ ያለ ቀውስ ግን ደንቡ ጠብቆታል።

ፍሪኖድም ቢሆን ድርጅት ነበረው። ሌቪን በ2002 ፒር ዳይሬክትድ ፕሮጀክትስ ሴንተር የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ተቋም አቋቁሞ መዋጮ ይሰበስብ ነበር። መዋጮው ግን ሰላም አላመጣም። በመረቡ ላይ ላሉ ሁሉ የሚላከው የገንዘብ ጥሪ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ገንዘቡ ለሌቪን መተዳደሪያ መዋሉም አከራከረ። በበኩሌ ሙሉ ጊዜውን የሰጠ ሰው መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ስህተቱ መከፈሉ ላይ አልነበረም። ስንት እንደሚከፈለውና ማን እንደሚወስን አባላቱ የሚያዩበት መንገድ አለመኖሩ ነበር።

በሴፕቴምበር 2006 ሌቪን በሂውስተን ብስክሌት ሲነዳ መኪና ገጨው፤ ከቀናት በኋላ ሞተ። መረቡ ግን አልቆመም። በጎ ፈቃደኞቹ ሥራውን ተረከቡ፣ በ2010 መላውን መረብ ወደ አዲስ የሰርቨር ሶፍትዌር አሻገሩት፣ በ2014 ሰርቨሮች ሲጠለፉ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር አስጠንቅቀው አጸዱት። ተቋሙ ግን በ2013 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ፍሪኖድ በሕግ ፊት ምንም አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በመልካም ፈቃድና በትውውቅ የሚሄድ ነገር ሆነ። ሁሉም ሰው የእኛ ነው ይላል፣ የማን እንደሆነ የሚመሰክር ግን አንድም ሰነድ የለም።

የሚሸጠው ነገር ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ጠለቅ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ የማኅበረሰብ መሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው።

የአይአርሲ መረብ ወጪው ትንሽ ነው። የሚተላለፈው አጫጭር ጽሑፍ ነው፤ ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም። የፍሪኖድ ሰርቨሮች ደግሞ ከተለያዩ ድርጅቶች በስጦታ የተገኙ ነበሩ። ትልቁ ወጪ የሰው ጊዜ ነው፦ በሌሊት የሚመጣውን የቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ወረራ የሚመክት፣ የጠፋ ይለፍ ቃል የሚመልስ፣ ሁለት ሰዎች አንድን የክፍል ስም ሲጣሉበት የሚዳኝ። ይህ ወጪ በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ በነጻ ይሰጥ ነበርና።

ገቢስ? ማስታወቂያ እንዳይለጥፉ ተጠቃሚው የሚያየውን ሶፍትዌር የሚመርጠው ራሱ ነው። መግቢያ እንዳያስከፍሉ ሥርዓቱ ክፍት ስለሆነ ሌላ ሰው ነገ ነጻ መረብ ይከፍታል። የተጠቃሚውን ወሬ እንዳይሸጡ ሰርቨሩ አያስቀምጥም። በኋላ የመጡት የንግድ መወያያዎች ገንዘብ ያገኙት አይአርሲ የሌለውን ነገር በመሸጥ ነው። ስላክ ማስታወስን ሸጠ፤ ያልከፈለ ቡድን የድሮ መልእክቶቹን ማየት የሚችለው እስከ ገደብ ብቻ ነው። ዲስኮርድ ከ2017 ጀምሮ ናይትሮ በሚባል የአባልነት ክፍያ ጌጥንና ምቾትን ሸጠ።

ለፍሪኖድ የቀረው ሊሸጥ የሚችል ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ። ስሙ ደግሞ ዋጋ ያገኘው በበጎ ፈቃደኞቹ ነጻ ሥራና በፕሮጀክቶቹ እምነት ነው። የተሸጠውም እሱ ነው።

በዚያን ጊዜ የበጎ ፈቃደኞቹ ኃላፊ በእንግሊዝ ፍሪኖድ ሊሚትድ የሚል ኩባንያ አስመዝግባ ነበር። በ2017 ኩባንያው ፕራይቬት ኢንተርኔት አክሰስ የተባለው የቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትን የሚሸፍን አገልግሎት) ድርጅት መሥራች ለሆነው ለአንድሩ ሊ ተሸጠ። የሽያጩን ውል ሠራተኞቹ፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞቹ፣ አላዩትም። በ2017 እና በ2018 በብሪስቶል የፍሪኖድ ትልቅ ጉባኤ ተካሄደ፤ የሊ ድርጅት ስፖንሰርነት ለብዙዎች እንደ በጎ ዜና ነበር። ሠራተኞቹ እንደጻፉት፣ ሽያጩ የዕለት ተዕለት አመራሩን እንደማይነካ ተነግሯቸው ነበር። በቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? የተጻፈው ሰነድ ሊ ባለቤት ነው ይል ነበር። ሠራተኞቹ ነጻ ናቸው የሚል የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም።

የግንቦቱ ጠብ

ለአራት ዓመታት ማንም ምንም አልነካም። በ2021 መጀመሪያ ወራት ሼልስ የሚባል፣ ሊ የሚሳተፍበት ድርጅት አርማ በፍሪኖድ ድረ ገጽ ላይ ታየ። ሠራተኞቹ ማን ፈቀደ ብለው ጠየቁ። ኃላፊዋ ከቦታዋ ለቀቀች። ሠራተኞቹ ከመካከላቸው አዲስ ኃላፊ መረጡ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ከአርማ አለፈ፤ የዶሜይን ስሙን (የኢንተርኔት አድራሻውን)፣ የሰርቨሮቹን ቁልፍ፣ የተጠቃሚዎችን ዳታቤዝ ማን ይይዛል ወደሚለው ተሸጋገረ።

የሁለቱንም ወገን ቃል በቅንነት ማስቀመጥ ይገባል። ሊ መረቡን በገንዘቤ ያኖርኩት እኔ ነኝ፣ ሚሊዮኖች አፍስሻለሁ፣ በሕግ የገዛሁትን ንብረት ጥቂት ሠራተኞች ሊነጥቁኝ ሞከሩ ይላል። ሠራተኞቹ ደግሞ ኩባንያው ለጉባኤው የቆመ ነበር፣ መረቡ የማኅበረሰቡ ነው፣ የሕግ ማስፈራሪያ ደርሶብን ቁጥጥሩን ልንለቅ ተገደድን ይላሉ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያነብ ሰው የሊ ክርክር ጥንካሬ እንዳለው አልክድም። ግን ሊ የገዛው ምን ነበር? በክፍል ውስጥ ሌሊት ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው የሚረዳ ባለሙያ በኩባንያ ሽያጭ ውል ውስጥ አይዘረዘርም።

ፍጻሜውን ያፋጠነው ከመልቀቂያው በኋላ የተወሰደው እርምጃ ነው። ብዙ ፕሮጀክቶች ገና አልወሰኑም ነበር፤ አንዳንዶቹ ሁለቱንም ቦታ ይዘው ለመቆየት ያስቡ ነበር። ወደ አዲሱ መረብ የሄዱትም ቢሆኑ የኋላ መጪዎች እንዳይጠፉ በቀድሞው ክፍል አናት ላይ «ወደ ሊቤራ ተዛውረናል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ከመልቀቂያው አንድ ሳምንት በኋላ አዲሱ የፍሪኖድ አስተዳደር እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እንደ ደንብ ጥሰት ቆጥሮ 700 ያህል ክፍሎችን ከባለቤቶቻቸው ወሰደ። በዚያች ሌሊት የተወሰደባቸው ሰዎች ውስጥ ለጠቡ ግድ ያልነበራቸው፣ ማስታወቂያ ለጥፈው ወደ ሥራቸው የተመለሱ ነበሩ።

ይህ እርምጃ የመረቡን ዋና ዓምድ ነካ። ነጠላ # ማለት «ይህ ክፍል የፕሮጀክቱ ነው» ማለት እንደሆነ አስታውሱ። የፍሪኖድ ሕጋዊነት የተመሠረተው በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ነበር። ቃል ኪዳኑን መረቡ ራሱ ሲያፈርሰው ሲያመነታ የነበረ ሁሉ ወሰነ። በእነዚያ ሳምንታት ኡቡንቱ ሄደ፣ ዊኪሚዲያ ሄደ፣ ጀንቱ ሄደ፣ ፌዶራ ሄደ። በጁን ወር ነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንና የግኑ ፕሮጀክት ተከተሉ። በዚያው ወር አጋማሽ ፍሪኖድ ወደ አዲስ ሶፍትዌር ሲቀየር የቀድሞዎቹን የስምና የክፍል ምዝገባዎች አላሻገረም፤ ሃያ ዓመት የተከማቸው መዝገብ ባዶ ሆነ። የሊቤራ ተጠቃሚዎች ቁጥር በሳምንታት ውስጥ ከፍሪኖድ በለጠ።

ለምን መሄድ ቻሉ?

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ ልመለስ። አይአርሲ የድሮ መልእክት አያስቀምጥም፣ ፎቶ አያሳይም፣ በስልክ ለመጠቀም ይቸግራል። ከ2013 በኋላ አዳዲስ ወጣቶች ወደ ስላክና ዲስኮርድ የሄዱት በዚህ ነው። ሞዚላም የራሱን የአይአርሲ መረብ በማርች 2020 ዘግቶ ማትሪክስ ወደሚባል ሌላ የመወያያ ሥርዓት አልፏል። ዕድገቱን ያቀጨጨው ይህ ድህነት ግን በጭንቅ ቀን ነጻነት ሆነ። የሚጓጓዝ ማኅደር ስላልነበረ የሚያግት ማኅደርም አልነበረም። ተጠቃሚው በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ መስመር አድራሻ ቀየረ፣ ያው ነው። ያው ስም፣ ያው ክፍል፣ ያው ሰዎች።

በተዘጉ መወያያዎች ላይ ያለ ማኅበረሰብ ይህን ማድረግ አይችልም። የአባላት ዝርዝሩ፣ የዓመታት ጥያቄና መልሱ፣ የአስተባባሪዎች ድርሻ ሁሉ በኩባንያው ማሽን ውስጥ ነው። ኩባንያው ዋጋ ቢጨምር ወይም ደንብ ቢለውጥ መሪዎቹ የሚያስፈራሩበት የመሄድ አቅም የላቸውም። መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ የሚደራደርበት ነገር የለውም። ስለዚህ አባላት የሚያበዛ ሰው ብዛቱ በየት በኩል ሊወጣ እንደሚችል አብሮ ማሰብ አለበት። ብዙዎች ይህን ተስፋ መቁረጥ ያስመስሉታል፤ እኔ ግን ለአባላት ያለ አክብሮት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ሽግግሩ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮጀክት በየመመሪያው፣ በየድረ ገጹ፣ በየቦቱ የተጻፈውን አድራሻ እየፈለገ መቀየር ነበረበት። በሊቤራ በኩል ደግሞ ክፍሉን የሚጠይቀው ሰው በእውነት የፕሮጀክቱ ወኪል መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። ይህን የሚሠራ ማሽን የለም፤ ሰው ነው የሚያረጋግጠው። ትናንት ሥራቸውን የለቀቁት በጎ ፈቃደኞች ዛሬ ያንኑ ሥራ ከዜሮ ጀመሩት።

አዲሱ ቤት

ሊቤራ ቻት በስዊድን ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ ተመዝግቧል። የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች የማኅበሩ አባላት ናቸው፣ ድምፅ አላቸው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ማንም ሊያነበው የሚችል ነው። ሰርቨሮቹ እንደ ድሮው በስጦታ የሚመጡ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ፈርሞ የሚሸጠው ኩባንያ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውን ኦኤፍቲሲ በ2001 አደረገው፤ ሊቤራ ግን ከቃጠሎው በኋላ ነው የደረሰበት።

ሁሉም ነገር ተፈታ ማለት ግን አይቻልም። ደንቡ ሽያጭን ይከለክላል እንጂ አዲስ ትውልድ አያመጣም። ከፍሪኖድ ሲወጡ ዕድሉን ተጠቅመው አይአርሲን ጭራሽ የተዉ ፕሮጀክቶች ነበሩ። የገንዘቡም ጥያቄ ቢሆን ከሥሩ አልተመለሰም። አንድን የፓይተን ስህተት ይዞ በሌሊት ወደ ሊቤራ የሚገባ ጀማሪ ዛሬም መልስ ያገኛል፤ መልሱን የሚሰጠው ሰው ግን ዛሬም አይከፈለውም።